አስገራሚ ዜና እና «ጠለፋ» የሚለው ቃል

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሳምንታዊ ጋዜጣ ይገዛ የነበረ ሰው፣ የፊት ገጹ ፖለቲካ ሲያንገሸግሸው ገልበጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ይዘልቅ ነበር። እዚያም ጥግ ይዛ «አስገራሚ» ወይም «ጉድ በል» የሚል ርዕስ የተሰጣት ጠባብ ዓምድ ትጠብቀዋለች። ሁለት ራስ ይዞ የተወለደ ጥጃ፣ በገዛ ቀብሩ ላይ በእግሩ የደረሰ ሰው፣ ስልክ ሲጮኽ «ሄሎ» የሚል በቀቀን። አገሩ ሁልጊዜ ሩቅ ነው፤ የባለ ታሪኩ ስም ለማንበብ ያስቸግራል፤ ምንጩም «አንድ ጋዜጣ እንደዘገበው» ከሚለው አያልፍም። ከስድስት ኪሎ ተመርቄ በወጣሁ ሰሞን ይህችን የመሰለች ዓምድ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ በገጽ ሒሳብ ይከፈለኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው የመጀመሪያ እንጀራውን የሚያገኘው ከሁለት ራስ ጥጃ መሆኑ ራሱ ለዓምዷ የሚመጥን ዜና ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ነው። ጊጊሪን ለማያውቅ አንባቢ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤቶች የሰፈሩባት፣ ከካሩራ ደን ጋር የምትዋሰን፣ ጦጣዎቿ ከዲፕሎማቶቿ የበለጠ ያለመከሰስ መብት ያላቸው ሰፈር ናት ብል ይበቃል። እዚህ የምተረጉመው ስለ ስደተኛ፣ ስለ ውኃና ስለ ጤና የተጻፉ ደረቅ ሰነዶችን ነው። አስገራሚው ዜና ግን ተከትሎኝ መጥቷል። ልዩነቱ፣ ያኔ እኔ ለሌላው እተረጉም የነበረውን ዛሬ ሁሉም ለሁሉም በስልክ ይልካል። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ስልኩን ያወጣና «ይህን አይታችኋል?» ይላል፤ ቀሪው የምሳ ሰዓት የአስተያየት ሰዓት ነው።

ኬንያውያን ባልደረቦቼ በዚህ በኩል የተባረኩ ናቸው፤ አገራቸው ለዓለም ካቀረበቻቸው አስገራሚ ዜናዎች ሁለቱ የትም ቢሄዱ ይታወቃሉ። አንደኛው ከታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል በኋላ ማሊንዲ አጠገብ ከመንጋው ተለይቶ የተገኘው ግልገል ጉማሬና ሞምባሳ ውስጥ እንደ እናት የተጠጋው፣ ዕድሜው 130 ዓመት ገደማ ነው የተባለለት ኤሊ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ሳምቡሩ ውስጥ የሳላ ግልገል አግኝታ እንደ ልጇ ይዛ የዞረችው እንስት አንበሳ ናት። ይህንን ሁለተኛውን የሚያወራ ሰው ሁሉ ግልገሏንና አንበሳዋን ጎን ለጎን ተኝተው ካሳየ በኋላ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ወንድ አንበሳ መጥቶ ግልገሏን መብላቱን የሚጨምር ብዙ አላጋጠመኝም። ለአስገራሚ ዜና ሁለተኛ ክፍል አይፈቀድለትም።

እኔ ደግሞ ኢትዮጵያዊት በመሆኔ፣ ከወደ አገር ቤት የሚመጣ አስገራሚ ነገር ሁሉ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት ወደ እኔ ይመራል። በየጥቂት ዓመቱ የምትመለሰው የዳግማዊ ምኒልክ የኤሌክትሪክ ወንበር ናት። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው በኤሌክትሪክ መገደሉን ሰምተው ወንበሯን አስመጡ፤ አገራቸው ኤሌክትሪክ የሌላት መሆኑን ሲረዱ ዙፋን አደረጓት፤ ይላል ተረቱ። ኒውዮርክ ላይ የተፈጸመው ቅጣት እውነት ነው። የቀረው በሰነድ ያልተደገፈ፣ ከአንዱ የአስገራሚ ነገሮች መድበል ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ወግ ነው። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ወግ «አሉ» የምትል ታላቅ ቃል አላት፤ «ወንበር አስመጡ አሉ» ብሎ የሚያወራ ሰው በሐሰት አይከሰስም፣ በእውነትም አይመሰገንም። ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር መጀመሪያ የምትወድቀው ይህችው «አሉ» ናት።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ አገራችን ተጽፈው በተደጋጋሚ ወደ እኔ ከተላኩት አስገራሚ ዜናዎች ሦስቱ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ናቸው። አንዱ ስለ አንበሳ፣ አንዱ ስለ ኮምፒውተር፣ አንዱ ስለ አውሮፕላን ነው። ሦስቱንም ወደ አማርኛ ልመልስ ስል ግን እጄ የሚሄደው ወደ አንድ ቃል ነው፤ ጠለፋ።

መቼም ቃሉ ለተርጓሚ ጸጋም ፈተናም ነው። ልጅቱ ትጠለፋለች፤ የቀሚሷም ጥበብ ይጠለፋል። የሚሮጥ ሰው እግር ይጠለፋል። ስልክ ይጠለፋል፤ አውሮፕላን ይጠለፋል። ገበሬው ወንዙን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስደስቱት ጥልፉና መስኖው ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ዜና የሰኔ 1997 ዓ.ም. ነው። ካፋ ውስጥ፣ ቢታ ገነት በተባለች ቦታ አካባቢ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከሰዎች እጅ ጠፍታ ከቆየች በኋላ ተገኘች፤ ስትገኝም ሦስት አንበሶች ከብበዋት ነበር። እንደ ፖሊሱ ቃል አንበሶቹ የያዟትን ሰዎች አባረው፣ ምንም ሳይነኳት ግማሽ ቀን ያህል ጠብቀዋት፣ ፈላጊዎቿ ሲደርሱ ትተዋት ወደ ጫካቸው ገቡ። ዜናውን አሶሺየትድ ፕሬስ አሰራጨው፤ በሁለት ቀን ውስጥም ያላነበበው የዓለም ክፍል አልነበረም ማለት ይቻላል። አገር ቤት የተነገረ ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ዓለምን ዞሮ፣ በእንግሊዝኛነቱ ተመልሶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ ወደ አማርኛ እንድመልሰው። ሰኔው ደግሞ ያ ሰኔ ነበር፤ ምርጫው ያስከተለው ደም አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ገና ያልደረቀበት። የውጭው አንባቢ ከኢትዮጵያ የዚያን ወር ምን ታስታውሳለህ ቢባል ብዙው የሚያስታውሰው አንበሶቹን ነው።

እንግሊዝኛው ጽሑፍ ልጅቱን የያዟት ሰዎች ሰባት መሆናቸውን፣ በግድ ሊድሯት እንደነበር፣ እንደደበደቧት፣ አራቱ ተይዘው ሦስቱ እየተፈለጉ መሆኑን አልሸሸገም። በገጠር ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ልማድ ስለመኖሩም ከታች በኩል ጥቂት መስመሮች ነበሩት። ዜና ሲያጥር የሚያጥረው ግን ከታች ነው። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር መስመሮቹ እየተሸረፉ፣ በመጨረሻ ልጅቱ፣ ጫካውና አንበሶቹ ብቻ ቀሩ። የሊቃውንቱ ክርክርም ስለ አንበሶቹ ነበር። አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ የልጅቱ ለቅሶ የአንበሳ ደቦል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል የሚል ግምት ሰጥተው ነበር፤ ደስ የሚል ግምት ነው፣ አልቃወመውም። ሰባት ሰዎች አንዲትን የ12 ዓመት ልጅ ምን መስላቸው ነው የያዟት ብሎ ባለሙያ የጠየቀ ግን የለም።

ትርጉሙን እንደ ጨረስኩ ለአክስቴ አነበብኩላት። አክስቴ የእናቴ ታላቅ፣ የጎጃም ሰው ናት፤ በእርጅናዋ ዘመን ጉለሌ እኛ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ዓምዷን ሳነብላት ትስቅልኝ ነበር፤ በተለይ በቀቀኑን ትወደው ነበር። የዚያን ለት አልሳቀችም። ፈትሏን እንደያዘች ጸጥ ብላ ሰማችኝና፣

«አንቺ ልጅ፣ የእኔ ለትሳ አንበሶቹ የት ሄደው ኖሯል?» አለችኝ።

ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ በፈረስ እንደ ወሰዷት እናቴ አልፎ አልፎ ትናገር ነበር፤ እሷ ራሷ ግን እስከዚያች ቀን አንስታው አታውቅም። ያን ጊዜ 13 ዓመቷ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ታርቀው፣ ከዚያው ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራ ስድስት ልጆች ወልዳለች። ልጆቿን የምትወድ፣ ባሏን ስትቀብርም አጥብቃ ያለቀሰች ሴት ናት። ይህንን ሁሉ በአንድ ዓምድ የሚያስገባ ጋዜጣ የለም። አክስቴ ግን ዜናውን ከዓለም አንባቢ ሁሉ በተለየ መንገድ እንዳነበበችው አሁንም ይሰማኛል። ለእሷ ልጅቱ መጠለፏ የሚያስገርም ነገር አልነበረም፤ አንድ ፍጡር ከልጅቱ ጎን መቆሙ እንጂ።

እዚህ ላይ ከአንበሶቹ የሚበልጥ ግን ማንም ያልተላላከው አንድ ነገር አለ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፤ ዕርቁ የሚፋጠነውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻውም ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ የጸናው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ቢታ ገነት አጠገብ አንበሶቹ ታዩ በተባለበት ሰኔ ሕጉ ገና አንድ ወሩ ነበር። እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን የዚያን ዓመት አስገራሚ ዜና ብዬ የማቀርበው ይህንን ነበር፤ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በሥራ ላይ የነበረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠፋች ብዬ።

የሰው ልጅ ጠባቂ የሆነበትም ታሪክ አለ፤ የሄደው ግን በእግሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ገደለችው። በመዓዛ አሸናፊ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኳን መነሻ ያደረገው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ለዕይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው፤ አንበሶቹ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የፊልሙ ስም «ድፍረት» ነው። ጀግንነት ነው ብለው ሲያነቡት ጀግንነት ነው፤ «ተደፈረች» የሚለውን ያሰበ ሰው ደግሞ ሌላውን ይሰማል። የውጭ አገር ተመልካች ስሙን በላቲን ፊደል ሲያነበው ሁለቱም ያመልጡታል። ተርጓሚው በምን አቅሙ ይህን ያሻግራል?

ሁለተኛው ዜና የቴክኖሎጂ ነው፤ ጊጊሪ ውስጥም ከአንበሶቹ በላይ ያወያየን እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የወጣ ነው። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኢትዮጵያ ስለተደረገ ሙከራ ተናገሩ። በወንጪና በወለንጪቲ፣ በየመንደሩ ሃያ ያህል ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት የሞቶሮላ ጡባዊ ኮምፒውተሮች በታሸጉ ሣጥኖች ውስጥ ተሰጡ፤ አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም፤ ለዐዋቂዎች በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ተነገራቸው። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወራቸው... እዚህ ላይ ነው ዓለምን ያስደነቀው ቃል፤ አንድሮይድን «ሃክ» አደረጉት። የተቆለፈውን ገጽታ እንደየፍላጎታቸው ለወጡ፤ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ ከፈቱት።

ባልደረቦቼ ዜናውን ሲልኩልኝ እንባ ያቀረሩ ነበሩ። እኔም ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ወዲያው «እስቲ በአማርኛ ንገሪን» ተባልኩ፤ ሃክ አደረጉት የሚለውን ምን ልበለው? አገር ቤት ያሉ የሙያ ጓደኞቼ «ጠለፉት» ይላሉ፤ «ሰብረው ገቡ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልጆቹን ሌባ ያደርጓቸዋል። የተሰጣቸው ዕቃ ነው እኮ፤ የራሳቸውን ዕቃ ማን ይሰርቃል? ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ጠለፉት» አልኩ፤ አክዬም «ገበሬ ወንዝ እንደሚጠልፈው» አልኩ። ወደ ሌላ ሊፈስ የተበጀለትን ወደ ማሳቸው መለሱት ለማለት ነው። አንዲት የታንዛኒያ ተወላጅ ባልደረባዬ ይህንን በስዋሂሊ መልሳ ለልጇ ነገረችው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞውን አላውቅም።

ይህ ዜናም ሁለተኛ ክፍል ነበረው፤ ልጆቹ ምልክት እንኳ አይተው አያውቁም፣ ጽሑፍ የሚባል ነገር አያውቁም ተባለ። ወለንጪቲ ከአዳማ ወደ መተሃራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የጭነት መኪና ጽሑፍ ሳያይ የሚውል ልጅ እዚያ አይገኝም። ሙከራው የተደረገበት መንደር ከከተማዋ ወጣ ያለ ነው ቢባል እንኳ «ጽሑፍ የሌለበት ዓለም» የሚለው ሥዕል ለእንግዳው ዓይን የተሳለ ይመስለኛል። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ቋንቋው ነው። የተጫነላቸው ሁሉ እንግሊዝኛ ሊያስተምራቸው የተዘጋጀ ነበር። ልጆቹ ግን «ይህን እንዴት ከፈትከው?» ብለው እርስ በርስ የተጠያየቁት በኦሮምኛ ነው። የዓለም ጋዜጦች የዘገቡት የዘመሩትን ነው፤ ሥራውን የሠራው የተጠያየቁበት ነው። አስተማሪ ሳይኖር የተማሩ ልጆች ተባሉ እንጂ፣ እኔ ሳነበው እርስ በርስ የተማማሩ ልጆች ናቸው።

ስለ ሦስተኛው አጠር ላድርገው፤ የአውሮፕላን ጠለፋ እዚህ ናይሮቢ ላለ ሐበሻ ቀልድ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወድቆ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል፤ የ1977ቱን ረሀብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከእነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሮም ይበር የነበረ አውሮፕላናችን በገዛ ረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቭ ማረፉን ስንሰማ መጀመሪያ ደንግጠን፣ 202ቱም ሰዎች ደኅና መሆናቸውን ስናውቅ ተነፈስን። ከሰዓት በኋላ ዓለም ሲስቅ ዋለ። የሳቀው በእኛ አልነበረም፤ አውሮፕላኑን ያጀቡት የጣልያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ነበሩና፣ የስዊዘርላንድ አየር ኃይል ምን ሆኖ ነው ሲባል «የሥራ ሰዓት አልደረሰም» የሚል መልስ መጣ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ምሳ፣ ከዚያ ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ አንድ። እኔም ስቄያለሁ፤ የማያስቅ ነገር አይደለም። ስዊዞቹ ራሳቸው ነገሩን ከምር ወስደው እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሃያ አራት ሰዓት ዝግጁ ሆነዋል። በገመድ ከአብራሪው መስኮት ወርዶ እጁን ስለሰጠው ወጣት ግን በዚያ ሳምንት የተላከልኝ መልእክት ሁሉ አንዲት ቃል አልነበረውም። አገር ቤት በሌለበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ደግሞ በጤናው ምክንያት በወንጀሉ የሚጠየቅ አይደለም ተባለ። አንዱ አገር ወንጀለኛ ያለውን ሌላው ሕመምተኛ አለው። በሳቁ ውስጥ ይህ ቦታ አላገኘም።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ሌላ ነው። በቅርቡ አንድ ኬንያዊ ባልደረባዬ የአንበሶቹን ዜና መልሶ ላከልኝ፤ ሃያ ዓመት ያለፈው መሆኑን አላወቀም፤ ለእሱ የትናንት ነው። በዚህኛው ዙር ሥዕል ተጨምሮበታል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራው። ያን ለት አንበሶቹን ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ በሥዕሉ ላይ ግን ሦስት ባለ ጎፈር አንበሶች፣ መሐል ላይ ነጭ የለበሰች ልጅ፣ ከኋላ የጠዋት ጭጋግ። ልጅቱ ፈገግ ብላለች። ቀሚሷ ላይ ጥልፍ እንኳ አለበት፤ አንገትጌው ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ ጥሩ አድርጎ ነው የጠለፈው። አክስቴ ብታየው የክሩን ዓይነት ትጠይቀኝ ነበር። ሰዎቹ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። ሥር ያለውም ጽሑፍ ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ እዚያም የሉም።

ባልደረባዬ ደግ ሰው ነው፤ የሴት ልጆች አባት ነው፤ የላከውም ሊያስደስተኝ ነው። እንደ ልማዴ ስለ ሕጉ፣ ስለ ግንቦት 1፣ ስለ አክስቴ ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት። በእንግሊዝኛ አንዲት አጭር መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ «ሰባት ነበሩ፤ አራቱ ተይዘው ነበር» ብዬ።

ጥቂት ቆይቶ መለሰልኝ፤ «ሰባት ምን? አንበሶቹ ሦስት አልነበሩም እንዴ?»